ሃያ ዓመት ያለፈው የኢሜይል ክምችት፦ ደብዳቤውን ከስፓሙ እንዴት ልለይ?

ባለሞደሙ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ሳስተካክል ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነቅዬ ያስቀመጥኩት ሃርድ ዲስክ እጄ ገባ፤ ይሠራል ብዬ ሳልጠብቅ በዩኤስቢ ማገናኛ ከአዲሱ ኮምፒውተሬ ጋር ባያይዘው ጥቂት ካጓራ በኋላ ተነሣ። በውስጡ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተጻጻፍኩት ኢሜይል በሙሉ አለ (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ የምጠቀመው አውትሉክ ኤክስፕረስ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ስለነበር ደብዳቤዎቹ ዲቢኤክስ በሚባለው የፋይል ዓይነት የተቀመጡ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፎልደር አንድ ፋይል ነው። በአንድ አነስተኛ መመልከቻ ፕሮግራም ስቆጥራቸው በገቢው ሳጥን 6,140፣ በተላኩት ውስጥ 1,870፣ በተሰረዙት ውስጥ ደግሞ 31,205 መልእክት ተገኘ። የተሰረዙትን ፎልደር በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ባዶ አድርጌው አላውቅም ማለት ነው።

የዚያን ዘመን ኢንተርኔት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የሞደሙን (ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን መሣሪያ) ጩኸት ያነሣል፤ እኔ ግን ከጩኸቱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ደብዳቤ በሚወርድበት ጊዜ ከመስኮቱ ግርጌ የሚታየው ቁጥር ነው። «ከ61 መልእክት 23ኛው በመውረድ ላይ» ይልና እዚያው ይቆማል። ፖፕ በሚባለው የደብዳቤ ማውረጃ ስልት የሚመጣ ኢሜይል ምንነቱ ሳይታወቅ ሙሉ በሙሉ መውረድ ስለነበረበት፣ በ56 ኪሎቢት ሞደም መስመሩ ጥሩ በሆነበት ሰዓት እንኳ አንድ ሜጋባይት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ስልኩም እስከዚያው ተይዟል። ወዳጄ ፎቶግራፍ ልኮልኝ ይሆን እያልኩ እጠብቅና፣ ወርዶ ሲያልቅ ክብደት ስለሚቀንስ ክኒን የሚያወራ ባለሥዕል ማስታወቂያ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያን ያህል ያናድደኝ የነበረውን ማስታወቂያ ባለፈው ሳምንት ድጋሚ ሳየው ፈገግ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ከዚህ ሁሉ መካከል ሰዎች የጻፉልኝን ለይቼ፣ ወደፊት በማንኛውም ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል መልክ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ዲቢኤክሱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚፈታ ሶፍትዌር የትኛው ነው? ስፓሙን (ሳይጠየቅ በገፍ የሚላከውን ማስታወቂያ) በራሱ የሚለይልኝ ማጣሪያስ አለ? የተሰረዙትን 31 ሺህ ግን ሳላይ ብጥላቸው የሚቀርብኝ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ በጊዜው አይቼ የጣልኳቸው ናቸውና ድጋሚ ማየቱ ከንቱ ድካም ነው እላለሁ።

ቆጣቢው መለሰ፦

በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። የተሰረዙትን አይጣሏቸው፤ ቢያንስ ከተላኩት ጋር ሳያመሳክሩ አይጣሏቸው። «በጊዜው አይቼ የጣልኳቸው ናቸው» ብለዋል፤ ነገር ግን 31 ሺህ መልእክት አንድ በአንድ እያየ የጣለ ሰው የለም። ሁላችንም እናደርግ የነበረው ከላይ እስከ ታች መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ በመካከል ሰው የጻፈው ካለም አብሮ ይሄዳል።

ማጣሪያን በተመለከተ፣ ዛሬ በምንጠቀምባቸው ላይ ብዙ ተስፋ እንዳይጥሉ ምክንያቱን ከሥሩ ማንሣት ይሻላል። ኢሜይል ሲነደፍ ላኪውን የሚጠራጠር አልነበረም። ጆን ፖስቴል በኦገስት 1982 ያወጣው ኤስኤምቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል (የኮምፒውተሮች መላላኪያ ደንብ) የተሠራው፣ እርስ በርስ የሚተማመኑ ተቋማት ኮምፒውተሮች መልእክት እንዲቀባበሉ ነው፤ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ካለ ተቀባዩ ሰርቨር (ደብዳቤ የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) «250፣ እሺ» ብሎ ይቀጥላል እንጂ መታወቂያ አይጠይቅም። የሚገርመው፣ ፕሮቶኮሉ ሲጻፍ ስፓም ከተወለደ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ማስታወቂያ ሠራተኛ የነበረው ጋሪ ቱርክ በሜይ 1978 የድርጅቱን አዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚያስተዋውቅ መልእክት 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው መረብ) ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ልኳል። አድራሻዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ለተቀባይ ስም በተመደበው ቦታ አልበቃ ብለው ትርፉ ወደ መልእክቱ አካል ፈስሶ ገባ፤ የደረሳቸውም ሰዎች ማስታወቂያውን ለማንበብ የማያውቋቸውን ሰዎች አድራሻ መዝለል ነበረባቸው። ቅሬታው ወዲያውኑ መጣ፤ ነገር ግን በፕሮቶኮሉ ላይ ማንም መቆለፊያ አላኖረም።

«ስፓም» የሚለው ስም የተለጠፈበት ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ ከ1937 ጀምሮ በቆርቆሮ እየታሸገ የሚሸጥ ሥጋ የንግድ ስም ሲሆን፣ በ1970 በብሪታንያ ቴሌቪዥን በቀረበ አንድ የቀልድ ትዕይንት ላይ ስሙ እየተደጋገመ የሌላውን ሁሉ ንግግር እስኪውጠው ድረስ ይዘመር ስለነበር፣ የኮምፒውተር ሰዎች ውይይት የሚያሰጥመውን ድግግሞሽ በዚያ ስም ጠሩት። በኤፕሪል 1994 ሁለት የሕግ ጠበቆች የግሪን ካርድ ሎተሪ ማስታወቂያቸውን በሺዎች በሚቆጠሩ የዩዝኔት የውይይት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ከበተኑ ወዲህ ነገሩ ገንዘብ እንደሚያስገኝ ሁሉም አወቀ። ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 2004 ዳቮስ በሚካሄደው የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ላይ ተገኝቶ የስፓም ችግር በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብሎ ነበር፤ የእርስዎ ክምችት ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ከምናምን ስለሚሸፍን ትንቢቱ ምን ያህል እንደሠራ በራስዎ ዲስክ ላይ መቁጠር ይችላሉ።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዛሬ ማጣሪያዎች ጉልበት የሚመጣው ለዚያ ክፍተት ዘግይተው ከተሰጡት መልሶች ነው። አንድ ሰርቨር በአንድ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ ባለው) ስም መላክ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳውቀው ኤስፒኤፍ፣ መልእክቱ ላይ ዲጂታል ፊርማ የሚያኖረው ዲኪም፣ ሁለቱን አስተሳስሮ «ካልተረጋገጠ እንዲህ አድርጉ» የሚለው ዲማርክ፣ እነዚህ ሁሉ ደንብ ሆነው የጸኑት ከ2006 ወዲህ ነው፤ ጂሜይልና ያሁ በብዛት በሚልኩ ሁሉ ላይ ሦስቱንም ግዴታ ያደረጉት ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 ነው። በእርስዎ ዲስክ ላይ ያለው ደብዳቤ ይህ ሁሉ የለውም። የተጠረጠሩ የሰርቨር አድራሻዎችን የሚመዘግቡት ጥቁር መዝገቦችም አይረዱም፤ መዝገቡ የሚመልስልዎ አድራሻው ዛሬ በማን እጅ እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ እንጂ በ2001 ምን እንደነበረ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ማጣሪያ ቢያስገቡበት ደህናውንም ደብዳቤ በጥርጣሬ ያየዋል።

የሚጠቅምዎት በቃላት ብቻ የሚፈርደው ስልት ነው። ፖል ግራሃም በኦገስት 2002 ባወጣው ጽሑፍ ካሳወቀው ወዲህ የተስፋፋው የቤይዝ ማጣሪያ እያንዳንዱ ቃል በስፓም ውስጥና በደህና ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሮ፣ ከዚያ ተነሥቶ የአዲሱን መልእክት ዕድል ያሰላል። ከ2003 በኋላ ያሉትን ማስታወቂያዎች ግርጌ ይመልከቱ፤ ስለ ክኒን ከሚያወራው ጽሑፍ በታች፣ በነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም፣ ከአንዳች አሮጌ ልብ ወለድ የተቀደደ አንቀጽ ታገኛላችሁ። ያ የቤይዝን ቆጠራ ለማደናገር የተጨመረ ነው። እኔ እንዲያውም ከዚያ ዘመን የማደንቀው ይህንን ነው፤ የሚፋለሙት የሁለቱ ሰዎች፣ የስፓም ላኪውና የማጣሪያ ሠሪው፣ ድምፅ እኮ እዚያው መልእክት ውስጥ ይሰማል።

ከማንኛውም ማጣሪያ በፊት ግን የተላኩት ፎልደር ይቅደም። ለ1,870 ጊዜ ለማን እንደጻፉ እዚያ ተመዝግቧል። እርስዎ የጻፉለት ሰው ለእርስዎ ስፓም ላኪ አይደለም።

ጥቁር መስኮት መለሰ፦

ቆጣቢው የጠቆመውን ወደ ሥራ ልለውጠው። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ በዚያ ዲስክ ላይ መሥራት ያቁሙ። ያጓራ ዲስክ ነገ ላይነሣ ይችላል። ዲዲሬስኪው በሚባለው የጂኤንዩ መሣሪያ ሙሉ ቅጂውን በምስል ፋይል ያውጡ፤ ይህ ፕሮግራም አስቀድሞ ያለችግር የሚነበበውን ክፍል ወስዶ አስቸጋሪውን በመጨረሻ ስለሚሞክር፣ እንዲሁም የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ በመካከል ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ቅጂው ካለቀ በኋላ ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡት፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን።

ዲቢኤክስን ለመፍታት ለዓመታት የተጠቀምኩት አንዲቢኤክስን ነው። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱን መልእክት ለብቻው ኢኤምኤል በሚባል ፋይል ያወጣዋል፤ የተጎዳ ፋይል ካጋጠመውም የማዳኛ አማራጭ አለው። ከፋይሎችዎ አንዱ ወደ 2 ጊጋባይት ተጠግቶ ከሆነ የማዳኛውን አማራጭ ከመጀመሪያው ይጠቀሙ፤ አውትሉክ ኤክስፕረስ ከዚያ ወሰን በላይ ፎልደር መያዝ ስለማይችል፣ እዚያ የደረሱ ፋይሎች ብዙ ጊዜ የተበላሹ ናቸው።

ኢኤምኤል ላይ እንዲቆዩ እመክራለሁ። ብዙዎች ሁሉንም በአንድ ፋይል አከታትሎ ወደሚያስቀምጠው ኤምቦክስ ለመቀየር ይቸኩላሉ፤ እኔም ቸኩዬ ተቀጥቻለሁ። በኤምቦክስ ውስጥ አንዱን መልእክት ከሌላው የሚለየው «ፍሮም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና በአንድ ክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር ነው፣ ሌላ አጥር የለውም። ጸሐፊው በደብዳቤው መካከል አንቀጹን በዚያው ቃል ጀምሮት ከሆነ፣ ቀያሪው ፕሮግራም ከፊቱ > የሚለውን ምልክት ካላስቀደመለት ደብዳቤው እዚያ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ስለ ጉዞው የጻፈልኝ ረጅም ደብዳቤ በዚህ መንገድ ተከፍሎ፣ ሁለተኛው ግማሽ ላኪም ቀንም የሌለው መልእክት ሆኖ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስፓም መስሎኝ ለጥቂት ነው ያልጣልኩት።

ኢኤምኤሎቹ ከወጡ በኋላ በሊነክስ ላይ ኖትመች የተባለውን የኢሜይል መፈለጊያ ቢጭኑ ትልቁ ሥራ ተቃለለ ማለት ነው። ፋይሎቹን ሳይነካ ሁሉንም አንብቦ ማውጫ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ መለያ እየለጠፉ ይሄዳሉ። ከተላኩት ፎልደር የተቀባዮችንና ግልባጭ የተደረገላቸውን አድራሻ ሁሉ አውጥተው፣ ድግግሞሹን አጥፍተው ዝርዝር ይሥሩ፤ ከዚያም በገቢውና በተሰረዙት ውስጥ ከእነዚህ አድራሻዎች የመጣውን ሁሉ «ሰው» በሚል መለያ ያስምሩ። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ መጻፍ የማይወዱ ከሆነ ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ ከሚባለው ተጨማሪ ጋር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ አያሳፍርም። በተራ የፋይል ጽሑፍ መፈለጊያ፣ ለምሳሌ በግሬፕ ወይም በሪፕግሬፕ፣ ብቻውን አይታመኑ። ኢሜይል አካሉን ብዙ ጊዜ በቤዝ 64 (ማንኛውንም ፋይል በተራ ፊደላትና ቁጥሮች በሚጽፍ ስልት) ቀይሮ ስለሚያስቀምጠው፣ የሚፈልጉት ቃል ፋይሉ ውስጥ እያለ መፈለጊያው «የለም» ይልዎታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈውን ነው ስፓምአሳሲን ለተባለው ማጣሪያ የሚሰጡት። ፍተሻውን በኮምፒውተርዎ ላይ ብቻ እንዲያደርግ፣ ጥቁር መዝገቦችን እንዳይጠይቅ አድርገው ያስነሡት፤ ምክንያቱን ቆጣቢው ተናግሮታል። የቤይዙ ክፍል ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ደህና መልእክት ከተማረ በኋላ ነው፤ እርስዎ ደግሞ «ሰው» ብለው የለጠፉት ስላለ ለትምህርቱ የሚሆን አያጡም። ነጥቡ 5 ሲደርስ ስፓም ይለዋል። እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ሥራ ውጤቱን ለፍርድ ሳይሆን ለተራ ነው የምጠቀምበት፤ ከዝቅተኛው ነጥብ ወደ ከፍተኛው ደርድሬ ከላይ ያሉትን በዓይኔ አያለሁ፣ ሰው የጻፈው መታየቱን ካቆመ ከጥቂት መቶዎች በኋላ እተዋለሁ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሲከፍቱ ነው። የዚያ ዘመን አባሪዎች ውስጥ ቫይረስ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ዓመት ስላለፈው ሞቷል ማለት አይደለም። በማስታወቂያዎቹ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ ደግሞ ከመልእክቱ ጋር የተላኩ ሳይሆኑ ከሩቅ ሰርቨር የሚጠሩ ናቸው፤ የሰርቨሩ ዶሜይን ጊዜው አልፎ ሌላ ሰው ገዝቶት ከሆነ፣ እርስዎ መልእክቱን ሲከፍቱ የሚያንኳኩት የማያውቁትን በር ነው። ተንደርበርድ የሩቅ ሥዕሎችን ሳይፈቀድለት አያመጣም፤ እንደዚያው ይተዉት።

ጠራጊው መለሰ፦

እኔ ከሁለቱም እለያለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዳሻዎ ያድርጉት እል ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ዲስክ ላይ ያለው አብዛኛው ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ይቀመጥልናል ብለው ሳያስቡ የጻፉት ነው። ያን ጊዜ ድረ ገጾች ስንመዘገብ የይለፍ ቃላችንን ሳይሸፍኑ በኢሜይል ይልኩልን እንደነበርም አይርሱ፤ ከእነዚያ ቃላት አንዱን ዛሬም እየተጠቀሙ ያሉ ከሆነ ስፓሙ አያስጨንቅዎ። የእኔ ምክር የቅርብ ሰዎችዎን ደብዳቤ አውጥቶ ሌላውን መደምሰስ ነው። ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ግን ቢያንስ በቬራክሪፕት በተቆለፈ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወይም በሰቨንዚፕ ሲያሽጉ የይለፍ ቃል ይስጡትና የፋይል ስሞችን ጭምር የሚሸፍነውን አማራጭ ይምረጡ፣ አለበለዚያ የደብዳቤዎቹ ርእስ በፋይሉ ስም ላይ ስለሚጻፍ ማንም ያነበዋል።

ቆጣቢው መለሰ፦

ስለ መቆለፉ ጠራጊው ትክክል ነው፤ እኔም ማለት ነበረብኝ። ስለ መደምሰሱ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ እስኪመሳከር ድረስ።

ፖስተኛው መለሰ፦

የኢሜይል ሰርቨር ለረጅም ጊዜ ያስተዳደርኩ ስለሆነ እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የተላኩትን ፎልደር ተጠቅማችሁ በአድራሻ ስትለዩ፣ ከሰው ያልመጡ ነገር ግን ስለ ሰው የሚናገሩ መልእክቶች ከወንፊቱ በታች ይቀራሉ። እነዚህ ተመላሾች ናቸው፤ ማለትም «የላኩት መልእክት አልደረሰም» ብሎ ሰርቨር የሚጽፋቸው። ላኪያቸው ሰርቨሩ ስለሆነ በአድራሻ ዝርዝራችሁ ውስጥ አይገኙም፤ ርእሳቸው እንግዳ፣ አካላቸው የማሽን ቋንቋ ስለሆነም ማንኛውም ማጣሪያ በቀላሉ ከስፓም ጋር ይደምራቸዋል።

የባለሞደሙ ክምችት 2003ን የሚሸፍን መሆኑ ነው ይህን እንዳነሣ ያደረገኝ። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ የተነዛው ሶቢግ ኤፍ የተባለ ዎርም (ራሱን በራሱ የሚያሰራጭ ቫይረስ) በያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ያገኘውን አድራሻ ሁሉ ይሰበስብና፣ አንዱን ላኪ ሌላውን ተቀባይ አስመስሎ ራሱን ይልክ ነበር። የእርስዎ ማሽን ንጹሕ ቢሆንም አድራሻዎ በአንድ ወዳጅዎ ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግቦ ከነበረ በስምዎ ይላካል፤ ተቀባዩ ሲጠፋ ወይም ቫይረስ ማጣሪያው ሲይዘው ደግሞ ተመላሹ የሚመጣው ለእርስዎ ነው። ቅድም እንደተባለው ፕሮቶኮሉ መታወቂያ አይጠይቅም፤ ሰርቨሩም ለውሸተኛው አድራሻ በቅን ልቦና ይመልሳል። ዎርሙ በሴፕቴምበር 10 ቀን ሥራውን እንዲያቆም ሆኖ የተጻፈ ስለነበር በዚያው ቀን ቀጥ አለ፤ እስከዚያው ግን እኛ ሌሊት አንተኛም ነበር፣ ተጠቃሚዎቻችንም ተመላሽ ባዩ ቁጥር ሳያነቡ መጣልን ተማሩ።

እውነተኛውን ተመላሽ ከሐሰተኛው መለየት ይቻላል። እያንዳንዱ ኢሜይል ሲጻፍ በራስጌው (ላኪ፣ ተቀባይና ቀን በሚጻፍበት መግቢያው) ላይ የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ ጥሩ ተመላሽ ደግሞ ያልደረሰውን መልእክት ራስጌ በውስጡ አሽጎ ይመልሳል። ስለዚህ ከተላኩት ፎልደር 1,870ውን መለያ ያውጡ፣ ከተመላሾቹ ውስጥ ደግሞ የታሸገውን መለያ ያውጡ፣ ሁለቱን ዝርዝሮች ያጋጥሟቸው። የተጋጠመው እርስዎ በእርግጥ የላኩትና ያልደረሰ ነው፤ ያልተጋጠመው በስምዎ ሌላ የላከው ነው። ምክንያቱንም ሦስት አኃዝ ይነግርዎታል፦ 550 ሳጥኑ የለም ወይም አልቀበልም ማለት ነው፣ 552 ለሳጥኑ የተፈቀደው ቦታ አይበቃም ማለት ነው፣ በ4 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ለቀናት እየደጋገመ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል።

ባለሞደሙ መለሰ፦

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዲስኩን ቀድቼ ከጨረስኩ ከሦስት ቀን በኋላ ዋናውን ለሙከራ ብሰካው አልተነሣም፤ ስለዚህ የጥቁር መስኮት የመጀመሪያ ምክር ብቻውን ለሁሉም በቂ ነበር።

አንዲቢኤክስ ከገቢውና ከተላኩት ፋይሎች ሁሉንም መልእክት አወጣ፤ ከተሰረዙት ፋይል 40 የሚሆኑ ተቆርጠው ወጡ። የተላኩት ፎልደር 163 አድራሻ ሰጠኝ፤ በዚያ ዝርዝር ብቻ ከገቢው 2,300፣ ከተሰረዙት ደግሞ 418 የሰው ደብዳቤ ተለየ። አራት መቶ ደብዳቤ እንዴት ጣልኩ ብዬ ስገረም ቀኖቹን አየሁና ቆጣቢው ያለው ሆኖ አገኘሁት፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተሰረዙ፣ ከላይና ከታች ማስታወቂያ የከበባቸው ነበሩ። አብዛኞቹ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚሉ ናቸው። ስፓምአሳሲን በነጥብ ከደረደረልኝ ቀሪ ደግሞ 31 ተጨማሪ አገኘሁ፣ በዋናነት አድራሻቸውን ከለወጡ ሰዎች። ጠራጊውም ይደሰት፤ ሁሉም አሁን በተቆለፈ ማኅደር ውስጥ ነው፣ ከድረ ገጾች የተላኩልኝን 57 የይለፍ ቃሎችም ደምስሻቸዋለሁ። አንዱን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ እጠቀምበት ነበር።

የፖስተኛውን ምክር ለሥርዓቱ ያህል ነበር የሞከርኩት። ተመላሾቹ 4,212 ሲሆኑ ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑት የ2003ቱ ኦገስትና ሴፕቴምበር ናቸው። መለያዎቹን ከተላኩት ጋር ሳጋጥም የተገናኙት 9 ብቻ ሆኑ። ስምንቱን አስታውሳቸዋለሁ፤ አድራሻ ተሳስቼ የጻፍኩባቸውና ወዲያው አርሜ የላክኋቸው ናቸው። ዘጠነኛው የኦገስት 24 ቀን 2003 ነው። አብሮኝ ለተማረ ጓደኛዬ ስለ አንድ የተጣላንበት ጉዳይ ይቅርታ የጠየቅሁበት ረጅም ደብዳቤ ሲሆን፣ ሁለታችን አብረን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ስካን አድርጌ አያይዤበት ነበር። የፎቶግራፉ ፋይል አንድ ሜጋባይት ተኩል ነው። አባሪ ሲላክ ወደ ቤዝ 64 ስለሚቀየር ከሲሶ በላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ የላክሁት ከሁለት ሜጋባይት በላይ ሆኗል። የጓደኛዬ ነጻ የኢሜይል ሳጥን በሙሉ የሚይዘው ሁለት ሜጋባይት ነበር፤ አንድ ጊጋባይት የሚሰጠው ጂሜይል የመጣው በኤፕሪል 2004 ነው። ተመላሹ ላይ ያለው አኃዝ 552 ነው። በዚያው ቀን ከደረሱኝ 140 ሐሰተኛ ተመላሾች ጋር፣ ከላይ እስከ ታች መርጬ፣ በአንድ ቁልፍ ሰርዤዋለሁ።

መልስ ሳይመጣ ሲቀር አኩርፏል ብዬ ደግሜ አልጻፍኩም። እርሱም አልጻፈም፤ ከእርሱ አንጻር የመጨረሻው ቃል የጥሉ ቃል ነበር።

የአሁን አድራሻውን በጋራ ከምናውቀው ሰው አገኘሁ። ፎቶግራፉን ወደ 180 ኪሎባይት አሳንሼ፣ ደብዳቤውን ምንም ሳልለውጥ፣ ከሥሩ ተመላሹን ከነራስጌው ለጥፌ ትናንት ማታ ልኬለታለሁ። እስካሁን ተመላሽ አልመጣም።